ትእዛዝ የሆነ ፍቅር፦ ኦሪትን በማጥናት አምላክን መውደድ ከየት ይጀመራል?

«አትስረቅ» ሲባል ነገሩ ግልጽ ነው፤ እጅን መሰብሰብ ነው። «ሰንበትን ጠብቅ»ም ግልጽ ነው፤ ሥራን ማቆም ነው። «ውደድ» ሲባልስ ሰው ምን ያድርግ? ልብ እንደ እጅ ሲያዝዙት አይሰበሰብም። ዘዳግም ምዕራፍ 6 ቁጥር 5 ላይ «አምላክህን እግዚአብሔርን በፍጹም ልብህ በፍጹምም ነፍስህ በፍጹምም ኃይልህ ውደድ» የሚለውን ቃል አይሁዳዊ በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ «ሽማ» የሚባለውን ጸሎት ሲያነብ ይለዋል። ብዙዎቻችን እንለውና እናልፋለን።

የጥንቶቹ ሊቃውንት ግን አላለፉትም። በዘኍልቍና በዘዳግም ላይ የተሰበሰበው ሲፍሬ የሚባለው ሚድራሽ፣ የጥንት የመጽሐፍ ትርጓሜ፣ ጥያቄውን ፊት ለፊት ያነሣዋል፦ «ውደድ ተብያለሁ፤ እንዴት እንደምወድ ግን አላውቅም» ለሚል ሰው ምን ይባላል? መልሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ይላል፤ «ይህን ቃል በልብህ ያዝ»። ቃሉን በልብህ ስታኖር፣ ተናግሮ ዓለምን ያስገኘውን ታውቀዋለህ፤ በመንገዱም ትጣበቃለህ። እ.ኤ.አ. በ1204 ያረፈው ራቢ ሞሼ ቤን ማይሞን፣ ራምባም፣ ይህንኑ ሲያጠናክረው ፍቅር በዕውቀት ልክ ነው ይላል፤ ጥቂት ላወቀ ጥቂት፣ ብዙ ላወቀ ብዙ።

እንግዲህ የታዘዝነው ስሜት ቀስቅሱ ተብለን አይደለም ማለት ነው። ተቀመጡና ተማሩ ነው። እኔ ራቢ አይደለሁም፤ እስራኤል ውስጥ በፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ። ከዚህ በታች የጻፍኩት ከሊቃውንቱ የሰማሁትንና ተሳስቼ የተማርኩትን ነው።

1. መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ሰዓት ቁረጡ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው መጽሐፍ በመግዛት ነው። እኔም እንደዚያው፤ መደርደሪያው ሞላ፣ ጭንቅላቴ ባዶ ቀረ። ፒርኬ አቮት በሚባለው የሚሽና (በቃል ሲወርድ የኖረው ትምህርት ስብስብ) ክፍል ሻማይ «ትምህርትህን ቋሚ አድርግ» ሲል፣ ሂሌል ደግሞ «ጊዜ ሳገኝ እማራለሁ አትበል፤ ጊዜ ላታገኝ ትችላለህ» ይላል። የሻማይና የሂሌል ተማሪዎች ያልተከራከሩበት ነገር ጥቂት ነው። ጌቶቻቸው በዚህ ላይ አንድ ቃል ከሆኑ እኛ የምንጨምረው የለንም።

ዐሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ። ሰዓቱን ከማይቀር ነገር ጋር እሰሩት። ለእኔ «ጠዋት 12 ሰዓት» የሚባል ነገር አይሠራም፤ አንዳንዱ ጠዋት የእኔ ማታ ነው። ስለዚህ ከቡናው ጋር አሰርኩት፤ ጀበናው ተጥዶ እስኪፈላ፣ ከዚያም አቦሉ እስኪያልቅ። ስልኩ ሌላ ክፍል ነው። (የዘኍልቍ መጽሐፌ አንድ ገጽ ላይ ቡኒ ክብ አለ፤ ጀበናውን የት እንዳሳረፍኩ ይመሰክርብኛል። እናንተ አትድገሙት። ቅዱስ መጽሐፍ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ዕቃም አይጫንበትም፤ ከወደቀ አንሥቶ መሳም ልማድ ነው። ሲያረጅም ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ጌኒዛ፣ ያረጁ ቅዱሳት መጻሕፍት ማከማቻ፣ ይገባል፣ ከዚያም ይቀበራል።)

«ከዚህ ዕድሜ በኋላ ምን ትምህርት?» የሚል ካለ፣ ራቢ አኪቫን ያስብ። በአርባ ዓመቱ ፊደል የማያውቅ ሰው ነበር። ልጁን ይዞ ሕፃናት ከሚያስተምር መምህር ፊት ተቀመጠ፤ የሰሌዳውን አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጫፍ ልጁ ይዘው «አሌፍ፣ ቤት» አሉ። ሕፃናቱ ሳይስቁበት አልቀሩም እላለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

2. ከሳምንቱ ፓራሻ ጀምሩ

ምን ላጥና ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ተመርጦላችኋል። አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት በ54 ፓራሻ፣ ማለትም የሳምንት ንባብ ክፍል፣ ተከፍለው በዓመት አንድ ጊዜ ይነበባሉ፤ በሲምሐት ቶራ በዓል (ቶራ ኦሪት ማለት ነው) ያልቃል፣ በዚያው ቀን ከ«በመጀመሪያ» እንደገና ይጀመራል። የዕብራይስጥ የቀን መቁጠሪያ ባለበት ሁሉ የሳምንቱ ፓራሻ ስም ተጽፏል። እያንዳንዱ ፓራሻ ለሰንበት ንባብ በሰባት ዓሊያ፣ በሰባት አጫጭር ንባብ፣ ይከፈላል፤ እሑድ አንደኛውን፣ ሰኞ ሁለተኛውን እያላችሁ ብትሄዱ ሰንበት ሲገባ ጨርሳችኋል ማለት ይቻላል።

አነባበቡ ሥርዓት አለው። ታልሙድ፣ ሚሽናው በላዩ ከተደረገው ክርክር ከጌማራው ጋር፣ በራኾት በሚባለው ክፍሉ «ሁለት ጊዜ መጽሐፉን፣ አንድ ጊዜ ትርጉሙን» ይላል። ትርጉም የተባለው ኦንቅሎስ የሚባለው የአራማይክ ትርጉም ነው፤ ሹልሐን ዓሩኽ የሚባለው የሕግ መጽሐፍ በእሱ ፈንታ የራሺን ማብራሪያ ማጥናት እንደሚቻልም ይናገራል። ዕብራይስጡ ለከበደው ሰው የእኔ ምክር ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ በዕብራይስጥ እየተንገዳገዳችሁም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ ከዚያ የምትችሉትን ያህል ከራሺ። ሥርዓቱን አሟላችሁ አልልም። መጽሐፉን ግን ከፈታችሁ።

መጽሐፍ መግዛት ካስፈለገ አንድ ብቻ ግዙ፤ ራሺ ከሥሩ የታተመበት ሑማሽ፣ አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት። ሌላው ሰፋሪያ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ፤ ዕብራይስጡ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ጎን ለጎን ይከፈታል።

ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የግእዙ ኦሪት የተተረጎመው ከግሪኩ ስለሆነ ከዕብራይስጡ የሚለይባቸው ቦታዎች አሉ፤ የመዝሙረ ዳዊት ቁጥርም ይለያያል። በግእዝ ዳዊት 118 ያለው በዕብራይስጥ 119 ነው። ባለ 176 ቁጥሩ፣ በ22 ፊደላት ስምንት ስምንት እየተደረገ የተደረደረው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለ ሕጉ ፍቅር የሚዘምረው ማለቴ ነው። በአማርኛው «ሕግህን እንደ ምን እጅግ ወደድሁ፤ ቀኑን ሁሉ እርሱ ትዝታዬ ነው» የሚለው ከዚሁ ነው። ትዝታ! ተርጓሚው ማንም ይሁን እጁ ይባረክ፤ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቆ ነው የመረጠው።

ለቤተ እስራኤል ልጆች ደግሞ «አንድ ጊዜ ትርጉሙን» የሚለው እንግዳ ነገር አይደለም። በስግድ ቀን፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ ቄሶቹ ኦሪቱን በግእዝ ያነቡና ሕዝቡ እንዲሰማው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉሙታል። በጥንቱ ምኵራብም አንዱ በዕብራይስጥ ሲያነብ ሌላው አጠገቡ ቆሞ በአራማይክ ይተረጉም ነበር። ታልሙድ ተራሮቻችን ላይ አልደረሰም፤ ልማዱ ግን ነበረን። «ኦሪት» የሚለው ስም ራሱ «ኦራይታ» ከሚለው የአራማይክ ቃል የመጣ ነው፤ ታልሙድም ቶራን የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

3. ሳትባርኩ አትክፈቱ

እህል ሳይባረክ እንደማይበላ፣ ቶራም በጠዋት ሳይባረክ አይጠናም። የጸሎት መጽሐፉ፣ ሲዱሩ፣ መጀመሪያ ላይ ታገኙታላችሁ፤ አጭር ነው። የመጀመሪያው ቡራኬ «ልንማር ያዘዘን» አይልም፤ «በቶራ ቃል ልንጠመድ ያዘዘን» ነው የሚለው። ገበሬ በእርሻው፣ ነጋዴ በንግዱ እንደሚጠመድ። ቀጥሎ «የቶራህን ቃል በአፋችን አጣፍጥልን» የሚል ልመና ይመጣል፤ ጣዕሙ የሚለመን ነገር ነው ማለት ነው። ከቡራኬው ጋር የካህናቱን ቡራኬ (ዘኍልቍ 6፥24 እስከ 26) እና ከሚሽና አንድ አንቀጽ ማንበብ የተለመደ ስለሆነ ባትቀጥሉ እንኳ ተምራችኋል።

ታልሙድ ነዳሪም በሚባለው ክፍሉ ምድሪቱ ለምን ጠፋች ብሎ ጠይቆ አስደንጋጭ መልስ ይሰጣል፦ አስቀድመው በቶራ ላይ ስላልባረኩ። ተምረዋል እኮ! ግን እንደ ስጦታ አልተቀበሉትም። እኔ ይህን እስክሰማ ቡራኬውን በሩጫ ነበር የምለው።

4. ድምፅ አውጡ፣ ጠይቁ፣ «አንድም» በሉ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ እንውሰድበት።

በዓይን ብቻ አታንብቡ። ታልሙድ በዔሩቪን ብሩሪያ የተባለችው ሊቅ በለሆሳስ የሚያጠና ተማሪ አግኝታ በእግሯ መታችው ይላል፤ ትምህርቱ በመላ ሰውነትህ ካልተደላደለ አይቆይልህም ብላው። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ እንደሚጮኹት ማለት ነው። ጎረቤት ካለ ዝቅ አድርጉት፣ ከንፈራችሁ ግን ይንቀሳቀስ።

ከዚያ ጠይቁ። ብዙዎቻችን መጠየቅ ድፍረት ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ቤት ውስጥ ግን ሳይጠይቁ ማለፍ ነው ነውሩ፤ ፒርኬ አቮት «የሚያፍር ሰው አይማርም፣ የሚቆጣም አያስተምርም» ይላል። (አንድ ጊዜ ትምህርት ላይ ጥያቄ ጠይቄ መምህሩ ስቆብኛል። ያን ሳምንት አልተመለስኩም። በሚቀጥለው ሌላ ቦታ ሄድኩ።) ለምሳሌ ያንኑ የሽማውን ቁጥር እንውሰድ። የሚገኘው ቫኤትሐናን በሚባለው ፓራሻ በስድስተኛው ዓሊያ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ዐርብ ይደርሳል።

መጀመሪያ ቃሉን በዕብራይስጥ እዩት። «ሽማዕ» ስማ ነው፤ «ኔፌሽ» ነፍስ፤ «ሌቭ» ልብ። ቋንቋችን የአጎት ልጅ ስለሆነ ብዙ አይርቀንም። ግን «ልብህ» ለማለት «ሊብኻ» ማለት ይበቃ ነበር፤ ጽሑፉ «ሌቫቭኻ» ይላል፤ «ቤት» የሚባለው ፊደል አንድ ጊዜ በቂ በሆነበት ሁለት ጊዜ። ለምን? ይህን ጥያቄ ጻፉት።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን እዩ። ልብ፣ ነፍስ፣ ኃይል። «ኃይል» ተብሎ የተተረጎመው «ሜኦድ» የሚል ቃል ነው፤ ሊቃውንቱ ገንዘብ ብለው ይፈቱታል። ታዲያ ነፍሱን ከሰጠ በኋላ ገንዘቡ ምን ቀረና ነው የሚጠቀሰው? ይህንንም ጻፉ።

አሁን ራሺን ክፈቱ። ራሺ፣ ራቢ ሽሎሞ ይጽሐቂ፣ በፈረንሳይ ትሯ ከተማ የኖረ ነው፤ ከ1040 እስከ 1105 እ.ኤ.አ.። አጭር ነው፣ አንድ ቃል አያባክንም። ስለ ሁለቱ ቤት እንዲህ ይላል፦ በሁለቱም ዝንባሌህ፣ በመልካሙም በክፉውም። ቀጥሎ «ዳቫር አሔር» ይላል። ቃል በቃሉ «ሌላ ነገር» ማለት ነው፤ ግን የኢትዮጵያን የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል፦ «አንድም» ነው። አንድም፣ ልብህ በእሱ ላይ የተከፈለ አይሁን። ሁለቱ ፍቺ አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም።

ስለ ነፍስ፦ ነፍስህን ቢወስድም እንኳ። ስለ ገንዘብ፦ ከገላው ይልቅ ገንዘቡ የሚወደድለት ሰው አለ፤ ስለዚህ እሱም ተጠቀሰ። አንድም፣ በሰፈረልህ መስፈሪያ ሁሉ፣ መልካም ቢሆን ክፉ፣ ውደድ።

ቀጥሎ ያለው ቁጥር «ዛሬ የማዝዝህ» ይላል። ለምን «ዛሬ»? ራሺ፦ ሰው እንደማይቆጥረው ያረጀ አዋጅ አይሁንብህ፤ ሁሉ ሊሰማው እንደሚሮጥለት አዲስ አዋጅ ይሁንልህ። «ለልጆችህ አስተምረው» የሚለው ዕብራይስጡ ደግሞ «ሺናንታም» ነው፤ ከመሳል የመጣ፣ ቢላ እንደሚሳለው። ሰው ድንገት ቢጠይቅህ ሳትንተባተብ የምትመልስ እስክትሆን ድረስ በአፍህ ይሳል። ልጆችህ የተባሉትም ተማሪዎች ናቸው ይላል፤ ልጅ ያልወለደም አልቀረበትም።

ራቢ አኪቫን እዚህ መልሱት። በሮማውያን እጅ ሲሞት ገላውን በብረት ማበጠሪያ ይቦጭቁት ነበር፤ ሰዓቱም የሽማ ሰዓት ነበር። ተማሪዎቹ «መምህራችን፣ እስከዚህ ድረስ?» ቢሉት፣ «በፍጹም ነፍስህ» የሚለው ቁጥር ዕድሜዬን ሁሉ ሲያስጨንቀኝ ኖሯል፤ መቼ በእጄ ገብቶ እፈጽመዋለሁ እል ነበር አላቸው። ቁጥሩን ስንት ዓመት ይዞት እንደኖረ ልብ በሉ። በዚያ ቀን የመጣ ሐሳብ አልነበረም።

ሦስት ቁጥር ነው ያየነው። ዐሥራ አምስት ደቂቃው አልቋል፣ ምናልባትም ግማሽ ሰዓት ሆኗል። ከዚህ በላይ አትሂዱ። ከጻፋችኋቸው ጥያቄዎች ያልተመለሰ ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ይዛችሁት ትውላላችሁ። የእኔ ብዙዎቹ የተፈቱት አውቶቡስ ስጠብቅ ነው።

5. ጓደኛ ያዙ

ለብቻ ማጥናት ይቻላል፤ ግን እንጀራ ለብቻ እንደመብላት ነው። በቤት ሚድራሽ፣ በማጥኛው አዳራሽ፣ ሰው ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ሐቭሩታ፣ የጥናት ጓደኛ፣ ይዞ ይቀመጣል፤ አዳራሹ እንደ ገበያ ይጮኻል። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ያቆመዋል። «ወይ ጓደኛ፣ ወይ ሞት» የሚል አባባል በታልሙድ፣ በታዓኒት አለ።

ምን ዓይነት ጓደኛ? እዚያው ታልሙድ ውስጥ፣ በባቫ ሜጽያ፣ የራቢ ዮሐናንና የሬሽ ላቂሽን ታሪክ አንብቡ። ሬሽ ላቂሽ ሲሞት ራቢ ዮሐናን ኀዘን ጎዳው፤ እንዲያጽናናው ኤልዓዛር ቤን ፔዳት የሚባል ሊቅ ላኩለት። ራቢ ዮሐናን የተናገረውን ሁሉ «የሚደግፍህ ጥቅስ አለ» ይለዋል። ራቢ ዮሐናን ተቆጣ። የላቂሽ ልጅ (ሬሽ ላቂሽን ማለቱ ነው) እኮ አንድ ነገር ስናገር 24 ተቃውሞ ያመጣብኝ ነበር፣ እኔም 24 መልስ እሰጠው ነበር፣ በዚያ ትምህርቱ ይሰፋ ነበር፤ አንተ ትክክል ነህ ትለኛለህ፤ ትክክል መሆኔን እኔ አላውቀውም? አለ። ልብሱን እየቀደደ «የላቂሽ ልጅ ሆይ፣ ወዴት ነህ?» እያለ አለቀሰ። የሚስማማችሁን ሳይሆን የሚያቆማችሁን ፈልጉ።

ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ፣ ባልና ሚስት፣ በስልክ፣ በዋትስአፕ፤ ሁሉም ይሆናል። ድሮ የቤት ሚድራሹ በር ለሴቶች ጠባብ ነበር፤ ዛሬ ጌማራ የሚማሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። የእኔ ሐቭሩታ ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ናቸው። ሐቭሩታ እኩያ መሆን አለበት የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ ዕብራይስጡን አነባለሁ፣ እሳቸው ኦሪቱን በቃላቸው ያውቁታል፤ ሒሳቡ ተስተካክሏል። ሐሙስ ማታ እሳቸው ቤት ነው የምንቀመጠው።

አንድ ሐሙስ «በቤትህም ስትቀመጥ፣ በመንገድም ስትሄድ፣ ስትተኛም፣ ስትነሣም ተጫወተው» ከሚለው ላይ ደረስን። እኔ ራሺን ይዤ፣ ዋና ወሬህ እሱ ይሁን ማለት ነው፣ ጨዋታ ማለት አይደለም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ቆይ ልጄ» አሉኝ። «ጨዋታ ምንድን ነው?»

«ወግ ነው፣ አባ።»

«ከማን ጋር ነው ሰው የሚጫወተው?»

«ከሚወደው ጋር።»

«በል ቀጥል።»

ራሺም የሚለው ከዚህ አልራቀም፤ ቃሉን ዋና አድርገው እንጂ ትርፍ አታድርገው ይላል። እኔ ግን ራሺን የገባኝ በዚያ «በል ቀጥል» ነው።

6. ዳፍ ዮሚን አትቸኩሉበት

ዳፍ ዮሚ፣ «የዕለት ቅጠል»፣ እ.ኤ.አ. በ1923 ራቢ ሜኢር ሻፒሮ ቪየና ላይ ያቀረቡት ሐሳብ ነው፦ የዓለም አይሁድ ሁሉ በየቀኑ አንድ የታልሙድ ቅጠል፣ ያንኑ ቅጠል በዚያው ቀን ይማር። 2,711 ቅጠል ነው፤ ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሐሳቡ ያምራል። አዲስ ዙር በጥር 5 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ሲጀመር እኔም ገባሁ። በራኾትን ጨረስኩ፣ ሻባትን እየተጎተትኩ ጨረስኩ፣ ዔሩቪን ላይ የግቢና የመተላለፊያው ሥዕል ሲበዛብኝ ወደቅኩ። የወደቅኩት ከብዶ ብቻ አይደለም፤ ቅጠሉን ለመድረስ ስሮጥ መጠየቅ አቁሜ ነበር።

ፓራሻውን አንድ ዓመት ከያዛችሁ በኋላ የምመክረው ሚሽና ነው፤ ያውም ከመጀመሪያው፣ ከበራኾት። ዘጠኝ ምዕራፍ፣ 57 አንቀጽ ብቻ ነው። በቀን ሁለት ብትሉ ወር አይሞላም። አንቀጾቹ አጫጭር ናቸው፤ ሕጉን ከነክርክሩ በጥቂት መስመር ይሰጧችኋል። የምትጠይቁት ሰው ግን ይኑራችሁ፤ ለሚሽናም ለጌማራም መምህር ያስፈልጋል። ከመጽሐፉ የወጣ ነገር በኑሮ ላይ ሲሆን እንዴት እንደሚሆን የሚወስነው ራቢ ነው፣ ሐቭሩታችሁ አይደለም።

7. ደረቅ ቀን ሲመጣ

ይመጣል። ቃሉ እንደ ጭድ አፍ ውስጥ የሚሆንበት ሳምንት አለ። ያን ጊዜ «ፍቅር ከሌለኝ ምን አስቀመጠኝ?» የሚል ድምፅ ይነሣል። ታልሙድ በፔሳሒም ይመልሳል፦ ሰው ለራሱ ለቃሉ ሲል ባይሆንም እንኳ ይማር፤ እንዲያ ሲማር ለቃሉ ሲል ወደ መማር ይደርሳል። በተቃራኒው ደግሞ «ራቢ እንዲሉኝ፣ ከሽማግሎች ጋር እንድቀመጥ» ብሎ የሚማርን ነዳሪም ያስጠነቅቀዋል፤ ከፍቅር ተማር፣ ክብሩ መጨረሻ ላይ ራሱ ይመጣል ይለዋል። በተግባር፦ በደረቅ ቀን ሰዓቱን አትሰርዙ፣ መጠኑን ቀንሱ። አንድ ቁጥር፣ አንድ ራሺ።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። በቲሻ በአቭ፣ ቤተ መቅደሱ በፈረሰበት የጾም ቀን፣ መብላት፣ መጠጣት፣ መታጠብ ይከለከላል፤ ቶራ ማጥናትም ይከለከላል። ኢዮብን፣ ሰቆቃወ ኤርምያስንና የመሳሰሉትን አሳዛኝ ክፍሎች ብቻ ማንበብ ይፈቀዳል። ኀዘን የተቀመጠ ሰውም በሰባቱ ቀን እንደዚሁ ነው። ምክንያቱ ከመዝሙር 19 የመጣ ነው፦ የእግዚአብሔር ሥርዓት «ልብን ደስ ያሰኛል»። የደስታ ነገር ስለሆነ በኀዘን ቀን ተከለከለ! ያን ቀን መጽሐፉን ዘግታችሁ ቡናም ሳትጠጡ ስትውሉ፣ የጎደለባችሁ ምን እንደሆነ ራሳችሁን መርምሩ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ እጄ ሳላስበው ወደ መደርደሪያው ሄዶ ተመልሷል። ከጾሙ ቀጥሎ በሚመጣው ሰንበት የሚነበበው ፓራሻ ደግሞ ሁልጊዜ ቫኤትሐናን ነው፤ «ውደድ» የሚለው ያለበት።

8. ይዛችሁት ገበያ ውጡ

በታልሙድ፣ ዮማ ላይ፣ አባዬ የተባለው ሊቅ «አምላክህን ውደድ» የሚለውን ሌላ ፍቺ ይሰጠዋል፦ የሰማይ ስም በአንተ ምክንያት የተወደደ ይሁን። ሰው ተምሮ፣ ሊቃውንትን አገልግሎ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገርም ለስላሳ ከሆነ፣ «ቶራ ያስተማረው አባቱ ብፁዕ ነው» ይባላል። ተምሮ ገበያው ጠማማ፣ አንደበቱ ሻካራ ከሆነ ደግሞ የሚባለውን መገመት አያቅታችሁም።

ለዚህ የማደርገው ትንሽ ነገር አለ። ከሳምንቱ ፓራሻ ሰውን የሚነካ አንድ ትእዛዝ መርጬ በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። «የቅጥረኛው ዋጋ እስከ ጠዋት አንተ ዘንድ አይደር» (ዘሌዋውያን 19) የመጣበት ሳምንት ቧንቧ ለጠገነልኝ ሰው «ነገ እልክልሃለሁ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ወረቀቱ ትዝ አለኝ፤ እዚያው ከፈልኩ። ሰውየው ገረመው።

9. ስትጨርሱ ደግሱ

አንድ ማሴኸት፣ አንድ ሙሉ ክፍል፣ ከሚሽናም ይሁን ከጌማራ፣ ሲያልቅ ሲዩም፣ የመጨረሻ ድግስ፣ ይደረጋል፤ ማዕድ ይቀርባል፣ ቃዲሽ የሚባለው የምስጋና ጸሎት በልዩ መልኩ ይባላል፤ ለቃዲሹ ዐሥር ሰው ስለሚያስፈልግ ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ። «ሃድራን» የሚባል ጽሑፍም ይነበባል። ለማሴኸቱ ለራሱ ነው የሚነገረው፣ ሰው ለሰው እንደሚናገር፦ ወደ አንተ እንመለሳለን፣ አንተም ወደ እኛ ትመለሳለህ፤ ሐሳባችን አንተ ላይ ነው፣ ሐሳብህም እኛ ላይ ነው፤ አንረሳህም፣ አንተም አትረሳንም፤ በዚህ ዓለምም በሚመጣውም።

እኔና አባ በራኾትን ስንጨርስ የመጨረሻው ምዕራፍ፣ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ያገኘነው ያንኑ ቁጥር ነበር፦ በሁለቱም ዝንባሌህ፣ ነፍስህን ቢወስድም፣ በገንዘብህም ሁሉ፤ ራሺ ከዚህ ነው የቀዳው። ዳቦ ተቆረሰ፣ ጎረቤቶች መጡ፣ ሃድራኑን እኔ በዕብራይስጥና በአራማይክ አነበብኩ፣ አባ ለተሰበሰበው በአማርኛ ተረጎሙት። ሰው ሲበተን ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር። አባ መነጽራቸውን ጠርገው መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገለጡት፦ «በማታ ሽማ የሚነበበው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»